የፕሪንተር ቀለም ያጣላቸው ባልና ሚስት

ስለ ቅናት፣ ስለ አማትና ስለ ዕቁብ ገንዘብ ስንጨዋወት ከርመናል። የዛሬው ደብዳቤ ግን ለየት ይላል። ባልና ሚስቱን ያጣላቸው ውሽማ አይደለም፤ መጠጥም አይደለም። የፕሪንተር ቀለም ነው! አትሳቁ እንጂ። እኔም መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን ፈገግታዬ ከፊቴ ጠፋ።

ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸውንና ሰፈራቸውን እንዳላወጣ አደራ ስላሉኝ «ውድ ጠያቂ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ደብዳቤያቸው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ሥራ ከለቀቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እቤት ሆኜ ለሰፈር ልጆች ወርክሺት፣ ለሥራ ፈላጊዎች ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ እየጻፍኩ አትማለሁ። የማገኘው ገንዘብ ብዙ ባይሆንም ለአስቤዛ ይደጉማል። ፕሪንተሩን የገዛልኝ ባለቤቴ ነው። አብሮት የመጣው ቀለም በአንድ ወር አለቀ። ኦርጅናሉን ስንጠይቅ ዋጋው አስደነገጠን። ባለቤቴ ‹ተመሳሳዩ አለ› ብሎ ረከስ ያለ ገዛ። የመጀመሪያው ጥሩ ሠራ። ሁለተኛው ግን ሳምንት ሳይሞላው መስመር መስመር እየሠራ ወረቀት ያበላሽ ጀመር። አሁን ጣቱን የሚቀስረው በእኔ ላይ ነው። ‹ቀለሙን ትጠጪዋለሽ እንዴ?› ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ፕሪንተሩን ሸጬ ልገላገል እያለ ነው። ያ ከሆነ ለሳሙና መግዣም እጄን ልዘረጋ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

አያችሁ አንባብያን? ነገሩ የቀለም ብቻ አይደለም። አንዲት እናት በራሷ ላብ የምታገኛት ሳንቲም ልትቀር ነው። በዚያ ላይ ያላጠፋችው ጥፋት ተለጥፎባታል። ያላጠፋችው ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

እኔ እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሣሁ ሰው እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዤ ፕሪንተር በመጠገን ወደሚተዳደር አንድ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩና ግማሽ ቀን ሳደርቀው ዋልኩ። ከእሱ የሰማሁትን በራሴ ካነበብኩት ጋር አገናዝቤ እነሆ።

ጭንቅላቱ የት ነው ያለው?

ወዳጄ ገና ሳልቀመጥ ያለኝን ልንገራችሁ። «ሰው ሁሉ እኔን የሚጠይቀኝ ‹ኦርጅናል ነው ወይስ ቻይና?› ብሎ ነው። መጀመሪያ ግን መጠየቅ ያለበት ጭንቅላቱ የት እንዳለ ነው።»

ጭንቅላት ያለው ባለሙያዎቹ ሄድ የሚሉትን ነው። ቀለሙን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ወረቀት ላይ የሚተፋው እሱ ነው። አንዳንዱ ፕሪንተር ጭንቅላቱ ቀለም መያዣው ላይ፣ ማለትም ካርትሪጁ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። የኤችፒ 123 እና 652፣ የካኖን 445 እና 446 እንደዚህ ናቸው። ካርትሪጁን በቀየራችሁ ቁጥር ጭንቅላቱም አብሮ ይቀየራል። የኤፕሰን ግን ካርትሪጁ የቀለም ዕቃ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ማሽኑ ውስጥ ተተክሎ ይኖራል። ከካኖንና ከኤችፒም በዚህ መልክ የተሠሩ አሉ።

እንዴት ይለያል? ካርትሪጁን አውጥታችሁ ገልብጡት። የመዳብ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች የሞሉበት ስስ ላስቲክና ከሥሩ የምታብለጨልጭ ትንሽ ሳህን ካያችሁ ጭንቅላቱ እጃችሁ ላይ ነው። የቀለም መውጫ ቀዳዳና ትንሽዬ ቺፕ ብቻ ከሆነ ግን ጭንቅላቱ ማሽኑ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ያህል የማካብደው ኪሳችሁን ስለሚነካ ነው። ጭንቅላቱ ካርትሪጁ ላይ ከሆነ መጥፎ ቀለም ብትገዙ የሚበላሸው ያው ካርትሪጁ ነው፤ ጥላችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። ጭንቅላቱ ማሽኑ ውስጥ ከሆነ ግን መጥፎው ቀለም የሚደፍነው ፕሪንተሩን ራሱን ነው። ማሠሪያው ደግሞ አንዳንዴ ከአዲስ ፕሪንተር ዋጋ አይተናነስም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው! ስለዚህ የኤፕሰን ዓይነት ያላችሁ ሰዎች፣ ጥቂት ብር ለማዳን ብላችሁ ማንነቱ ያልታወቀ ቀለም አታስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤችፒና ካኖን ቀለሙን የሚተፉት በሙቀት አፍልተው ነው። ኤፕሰን ደግሞ በኤሌክትሪክ በሚተጣጠፍ ክሪስታል ገፍቶ ነው የሚያወጣው። ለአንዱ የተሠራ ቀለም ለሌላው አይሆንም። «ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል» የሚል ጠርሙስ ሲያሳዩዋችሁ ጠርጠር አድርጉ።

ገበያው ላይ ምን ምን አለ?

ሱቅ ውስጥ አንድ ቁጥር የለጠፉ ካርትሪጆች ተደርድረው ስታዩ ሁሉም አንድ አይምሰላችሁ።

ኦርጅናል፦ ፕሪንተሩን የሠራው ኩባንያ ራሱ ያመረተው።

ኮምፓቲብል፦ ሌላ ፋብሪካ አዲስ ሠርቶ በራሱ ስም የሚሸጠው። ካርቶኑ ላይ የራሱ ስም ይኖራል፤ ከሥሩ ለየትኛው ፕሪንተር እንደሚሆን ተጽፎበታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ደህናም አለው፣ የማይረባም አለው።

የታደሰ፦ ያለቀ ኦርጅናል ካርትሪጅ ተሰብስቦ፣ ታጥቦና ቀለም ተሞልቶ እንደገና የታሸገ።

የተሞላ፦ የራሳችሁን ባዶ ካርትሪጅ ወስዳችሁ በሲሪንጅ የምታስሞሉት።

ፎርጅድ፦ የኩባንያውን ስምና ካርቶን አስመስሎ የሚሸጥ። ዋናው ሌባ ይኼ ነው! የኦርጅናል ዋጋ ከፍላችሁ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ቀለም ትወስዳላችሁ። የኮምፓቲብልና የፎርጅድ ልዩነት ይግባችሁ፤ አንዱ ስሙን ተናግሮ ይሸጣል፣ ሌላው የሰው ስም ሰርቆ።

አሁን ወደ ውድ ጠያቂያችን ልመለስ። የጻፉልኝ የካርትሪጅ ቁጥር 123 ነው፤ ጭንቅላቱ ካርትሪጁ ላይ ያለ ዓይነት። ወዳጄ ቁጥሩን ሲያይ ሳቀና «ሁለተኛው የተበላሸው ለምን እንደሆነ እዚሁ ተቀምጬ ልነግርህ እችላለሁ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ጭንቅላት አዲስ መሥራት ከባድ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሪንተር «ተመሳሳይ» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው የታደሰ ነው። ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም ጭንቅላቱ ግን ሌላ ሰው ቤት የሠራ ነው። የቀድሞው ባለቤት በደንብ ከያዘው ጥሩ ያትማል። ባዶውን እያስኬደ አቃጥሎት ከሆነ ወይም ከርሞ ደርቆ ከሆነ፣ ሳምንት ሠርቶ መስመር መስመር ያደርጋል። ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው ነው። እንግዲህ ውድ ጠያቂ፣ የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው የከሸፈው እርስዎ አበላሽተውት ላይሆን ይችላል። ምናልባትም ከሱቅ ሲወጣ ያረጀ ነበር።

ዋጋውን ሳይሆን የገጹን ሒሳብ

ባለቤትዎ የሚያዩት ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። መታየት ያለበት ግን አንድ ገጽ ስንት ያስወጣል የሚለው ነው። ዋጋውን ለሚያወጣው ገጽ ብዛት ማካፈል ብቻ ነው።

ኦርጅናሉ 123 ጥቁር ወደ 120 ገጽ ያወጣል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ኤክስ ኤል የሚል የተጻፈበት ትልቁ ደግሞ ወደ 480 ገጽ። ከውጭ ሲታዩ መጠናቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ ያለው ቀለም ነው። የሚከተሉትን ዋጋዎች ለሒሳብ ብቻ እንበላቸው፤ የዕለቱን ዋጋ እናንተ ተኩበት። ትንሹ 1000 ብር ቢሆን አንዱ ገጽ 8 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። ኤክስ ኤሉ 1800 ብር ቢሆን 3 ብር ከ75 ብቻ! የታደሰው ደግሞ 450 ብር ነው እንበል። ከሦስት አንዱ ቢከሽፍባችሁ 1350 ብር ከፍላችሁ 240 ገጽ ታገኛላችሁ፤ አንዱ ገጽ 5 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ሆነ ማለት ነው። አያችሁ? ርካሹ ከትንሹ ኦርጅናል ቢረክስም በትልቁ ኦርጅናል ተበልጧል። እኔን ራሴን የገረመኝ ይኼ ነው።

የገጹን ቁጥር ግን እንደ መሐላ አትያዙት። ኩባንያዎቹ የሚለኩት አንድ ዓይነት የመለኪያ ገጾችን ባለማቋረጥ እያተሙ ነው። እቤት አንድ ዛሬ፣ ሁለት ከነገ ወዲያ እያሉ ለሚያትም ሰው ያንሳል።

ዝናብ የሚፈታውና የማይፈታው

ቀለም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሟሟ ነው፤ ወረቀቱ ይመጠዋል፣ ደምቆ ይታያል፣ ውሃ ሲነካው ግን ይፈታል። ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው ነው፤ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃንም ይችላል። ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸትና ካረረ እህል የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስንት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይነበባል።

የብዙዎቹ የኤችፒና የካኖን ጥቁር ኦርጅናል ፒግመንት ነው። ርካሽ የሚሞላው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ይሆናል። ለልጆች ወርክሺት ምንም አይደለም። ለሲቪና ለማመልከቻ ግን ሌላ ነው። አንድ ሥራ ፈላጊ በክረምት ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ሦስት መሥሪያ ቤት ሲዞር ስሙ ፈስሶ ቢጠፋ ማንን ይወቅሳል? ያተመለትን ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሁለት መስመር አትሙ፣ አሥር ደቂቃ ይድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ከፈሰሰ የትኛው እንደሆነ አወቃችሁ።

ሱቅ ስትሄዱ

አንደኛ፣ የድሮውን ካርትሪጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሡት።

ሁለተኛ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ ሳትፈሩ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ቤት ሞክሬው ባይሠራ ትቀይርልኛለህ?» በሉ። እሺ ካለ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። እንኳን ሊቀይር መስማትም የማይፈልግ ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

ሦስተኛ፣ ጭንቅላቱ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር መኖሩን፣ እሽጉ አለመከፈቱንና የተጻፈበትን ቀን እዩ። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመ ቀለም ቅናሽ ቢደረግበትም አይግዛችሁ።

አራተኛ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «ካርትሪጅ አምጣልኝ» የምትሉ ተጠንቀቁ። ኤችፒ በአካባቢ በአካባቢ ከፍሎ ነው የሚሸጠው። አሜሪካ 63፣ አውሮፓ 302፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ደግሞ 123 የሚባሉት ካርትሪጆች ቅርፃቸው መንትያ ነው፤ ፕሪንተሩ ግን የሌላውን አካባቢ አይቀበልም። የአክስታችሁ ስጦታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ቺፕ ያለው ከሆነ ካደሰው ሶፍትዌር ጋር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ በመስከረም 2016 የኤችፒ ኦፊስጄት ፕሮ ፕሪንተሮች ድንገት የሌላ ፋብሪካ ካርትሪጅ አንቀበልም ብለው ደንበኛው ጮኸ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቆ ማስቀየሪያ ለቀቀ። አሠራሩ ግን አልቀረም። ኢንተርኔት ላይ የምታገናኙት ፕሪንተር ራሱን በራሱ እንዳያድስ መዝጋት የሚቻልበት ሞዴል አለ። ኤችፒ ፕላስ የሚባለውን ውል ፕሪንተሩን ስታስጀምሩ ከተቀበላችሁ ግን ከኦርጅናል ሌላ አይገባለትም። «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት አንብቡ!

ቀለሙን የሚጠጣው ማነው?

ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ መጣን። ቀለሙን የሚጠጣው ራሱ ፕሪንተሩ ነው። ከአዲስ ፕሪንተር ጋር የሚመጣው ካርትሪጅ ብዙ ጊዜ ትንሽ ብቻ ተሞልቶ ነው የሚመጣ፤ በወር ማለቁ አያስገርምም። «ክሊኒንግ» ባሉት ቁጥር ቀለም ይፈሳል። ጥቁር ጽሑፍ ሲያትሙም ሦስቱን ቀለማት ቀላቅሎ ጥቁር የሚሠራበት ጊዜ አለ። «ጥቁር ቀለም ብቻ» የሚለውን ምርጫ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስተካክሉ።

ሌላው ጠላት መብራት ነው። ፕሪንተር በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ጭንቅላቱን ቦታው መልሶ ይከድነዋል። ሲያትም መብራት ከሄደበት ወይም እናንተ ከማከፋፈያው ላይ ከነቀላችሁት ግን ሳይከደን ይቀራል፤ በበጋ አየር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። መብራት እንደተመለሰ አብሩትና በቁልፉ አጥፉት። በሳምንት አንዴ ጥቁርም ቀለምም ያለበት ገጽ አትሙ።

መስመር መስመር ካደረገ ሁለት ጊዜ ክሊኒንግ ሞክሩ፤ ከዚያ በላይ ቀለም ማፍሰስ ነው። ጭንቅላቱ ካርትሪጁ ላይ ከሆነ ለብ ባለ የተጣራ ውሃ ያረሰረሰ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት፤ የመዳቡን ነጠብጣብ ግን አትንኩ። ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ካልተከፈተ ተቃጥሏል፤ አትልፉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ውድ ጠያቂ፣ ለእርስዎ ሥራ የምመክርዎት ይህ ነው። አንድ ጥቁር ኤክስ ኤል ኦርጅናል ይግዙ። ጭንቅላቱ ንጹሕና የማንም ያልሆነ፣ የራስዎ ይሆናል። ጽሑፉ መሳሳት ሲጀምር፣ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ በዚያው ቀን ወስደው ያስሞሉት። በሙቀት የሚሠራ ጭንቅላት ባዶውን ሲሄድ ይቃጠላል፤ ቀለሙ ነው የሚያቀዘቅዘው። ሲያስሞሉ «ለኤችፒ ጥቁር የሚሆን ፒግመንት» ብለው ይጠይቁ፤ ቀድሞ ከነበረው ሌላ ዓይነት ቀለም ከተጨመረ ሊረጋና ሊደፍነው ይችላል። ከሞሉ በኋላ ፕሪንተሩ «ያገለገለ ነው» ወይም «ባዶ ነው» ቢልዎት አይደንግጡ፤ እሺ ብለው ይለፉት። ጥቂት ጊዜ ያገለግልዎታል። በቃኝ ሲል ሌላ ኦርጅናል ይገዛሉ። የሌላ ሰው አሮጌ ጭንቅላት በአዲስ ካርቶን ከመግዛት የራስን ጠብቆ ማስሞላት ይሻላል።

ማስሞላት ሕገ ወጥ ነው ወይ ለሚሉ፦ ክሱ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2017 በሌክስማርክ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ፣ ኩባንያ ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ገዢውን ሊቆጣጠር እንደማይችል ወስኗል። ይህ የእዚያ አገር ሕግ ቢሆንም ሐሳቡን ልብ በሉት፤ የገዛችሁት ዕቃ የእናንተ ነው።

በቀን ብዙ የምታትሙ ሰዎች ደግሞ በጠርሙስ ቀለም የሚቀዳበትን ታንክ ያለውን ፕሪንተር አስቡበት። መግዣው ይወደዳል፤ የገጹ ዋጋ ግን በጣም ይወርዳል። ጭንቅላቱ ማሽኑ ውስጥ ስለሆነ የራሱን ጠርሙስ ብቻ ግዙ።

የመጨረሻው ምክር የቀለም አይደለም። ውድ ጠያቂ፣ አንድ ደብተር ይግዙ። በቀን ስንት ገጽ አተምኩ፣ ስንት ብር ገባ፣ ቀለም መቼ ተገዛ ብለው ይጻፉበት። ወር ሲሞላ ባለቤትዎ ቡና ላይ ሲቀመጡ ደብተሩን ገልጠው ያሳዩዋቸው፤ ጭቅጭቅ የማያሳምነውን ሰው ቁጥር ያሳምነዋል። ለእርስዎ ወንድሜ፣ ይህን ጋዜጣ ካነበቡት፦ ባለቤትዎ ቀለም አልጠጡም። ርካሹን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ያም በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ፕሪንተሩን ከመሸጥዎ በፊት ደብተሩን ይጠብቁ። ከአስቤዛው ላይ የሚቀነሰውን በዓይንዎ ያዩታል።

በሉ እንግዲህ ሳምንት ያገናኘን። እስከዚያው ቤታችሁን ሰላም ያድርግላችሁ!